የጆን ቡንያን የመንገደኛ መዝሙር

በእንግሊዝ አገር አብያተ ክርስቲያናት ከሚዘመሩት መዝሙሮች መካከል ስለ ቀና መንገድ መምረጥ የሚናገር፥ ብዙ ሰው በቃሉ የሚያውቀው አንድ አጭር መዝሙር አለ። አንጓው ሦስት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም አንጓ ስምንት ስንኝ አለው፤ ሦስቱም አንጓዎች መንገደኛ ስለ መሆን በሚናገር በአንድ ቃል ይዘጋሉ። ደራሲው ጆን ቡንያን ነው። ዳሩ ግን ይህ መዝሙር በሁለት ዐይነት ቃል ይገኛል። አንደኛው ደራሲው ራሱ በ1684 ዓመት በአውሮፓ አቈጣጠር ያሳተመው ነው (ከዚህ በታች የሚገኘው ዓመት ሌላ ካልተባለ በቀር በዚሁ አቈጣጠር ነው)። ሁለተኛው በ1906 ፐርሲ ዲርመር የተባለ ካህን አርሞ በመዝሙር መጽሐፍ ያገባው ነው። ዘማሪው ሕዝብ ሁለቱን እንደ አንድ ይቈጥራቸዋል፤ ልዩነታቸውም የጥቂት ቃላት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ቃሉን ከቃሉ ጋራ አስተያይቶ ለሚመረምር ሰው ሁለቱ ስለ ምርጫ የሚናገሩት ነገር አንድ አይደለም፤ አንደኛው ስለ አንድ የቈሰለ ሰው የሚመሰክር ምስክርነት ነው፤ ሁለተኛው ግን ገና ያልቈሰለ ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ተስፋ ነው።

ቡንያን በ1628 በቤድፎርድ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በኤልስቶው መንደር ተወለደ። አባቱ የተበሳ ድስትና የናስ ዕቃ እየጠገነ የሚኖር ሰው ነበረ፤ ልጁም ይህንኑ ሥራ ተማረ። ከፍ ካለ ትምህርት ቤት አልገባም፤ የጻፈበትም እንግሊዝኛ የገበያና የመጽሐፍ ቅዱስ እንግሊዝኛ ነው። በ1660 ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ውጭ በመስበኩ ተይዞ ታሰረ። ከእንግዲህ ወዲህ አልሰብክም ብሎ ቃል ቢሰጥ ኖሮ በሩ በተከፈተለት ነበረ፤ ይህን ቃል አልሰጥም በማለቱ እስከ 1672 ድረስ 12 ዓመት ያህል በቤድፎርድ ወህኒ ቤት ተቀመጠ። በዚያም ሳለ ለቤተ ሰቡ ቀለብ እንዲሆን የልብስና የጫማ ማሰሪያ ክር እየሠራ ይሸጥ ነበር። ከልጆቹ አንዲቱ ዐይነ ስውር ነበረች፤ ከሚስቱና ከልጆቹ፥ ይልቁንም ከዚህች ልጅ መለየቱ እንዴት አድርጎ እንዳሠቃየው በ1666 ባሳተመው በሕይወቱ ታሪክ ውስጥ ጽፎታል። ይህ ነገር መዝሙሩን ለሚመረምር ሰው ታላቅ ጥቅም አለው፤ መዝሙሩ ከመንገድ የሚመልሱ ሰዎችን በጽኑ ቃል ሲቃወም ሰውን የማይወድ ልብ የተናገረው እንዳይመስል ያደርጋልና።

የቡንያን ዋና መጽሐፍ አንድ ክርስቲያን የጥፋትን ከተማ ትቶ ወደ ሰማያዊት ከተማ ሲሄድ ያገኘውን ሁሉ በምሳሌ የሚተርክ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ1678፥ ሁለተኛው ክፍል በ1684 ታተመ። መዝሙሩ የሚገኘው በሁለተኛው ክፍል ወደ ፍጻሜው በቀረበ ስፍራ ነው። እዚያ ከመድረሱ በፊት አንባቢው በመንገድ ዳር የቆመ አንድ ሰው ያገኛል፤ ሰይፉን መዝዞ ይዞአል፤ ፊቱም በደም ተሸፍኖአል። ስሙ በእኛ ቋንቋ «ለእውነት ጀግና» እንደ ማለት ነው። ሦስት ሰዎች መጥተውበት ሦስት ነገር እንዲመርጥ ጠይቀውት ነበረ፤ ወይ ከእነርሱ ጋራ እንዲተባበር፥ ወይ ወደ መጣበት እንዲመለስ፥ ወይም በቆመበት ስፍራ እንዲሞት። እርሱም ከሦስቱ አንዱን ሳይመርጥ ሰይፉን መዘዘ፤ ከሦስት ሰዓት በላይም ብቻውን ከሦስቱ ጋራ ተዋጋ። ከውጊያው ብዛት የተነሣ ሰይፉ ከእጁ ጋራ እንደ ተጣበቀ ቡንያን ይተርካል።

የመንገደኞቹ መሪ «ልበ ሙሉ» የዚህን ሰው ቍስል ካጠበና እህል ውሃ ከሰጠ በኋላ ስለ ትውልድ አገሩና ስለ አመጣጡ ይጠይቀዋል። ጥያቄው የሚያተኵረው አባቱና እናቱ ምን ብለውት እንደ ነበረ በማወቅ ላይ ነው። ጀግናውም ይዘረዝርለታል፤ ወላጆቹ መንገዱ አደገኛ ነው ብለው ሊያስቀሩት ፈልገው ነበረ። በመጀመሪያ የሚያሰጥም ረግረግ አለ አሉት፤ ቀጥሎም በሩን የሚያንኳኳውን ሁሉ በቀስት የሚነድፉ ወታደሮች ያሉበት ምሽግ አለ አሉት፤ አንበሶች አሉ፥ እንደ ጎልያድ ያሉ ግዙፎች አሉ፥ በሸለቆው ውስጥ ርኩስ ጋኔን ይዞራል፥ ከዚያም በሞት ጥላ ሸለቆ ጭራቆች ይኖራሉ፥ በመጨረሻም ድልድይ የሌለው ወንዝ ይጠብቅሃል አሉት። ከዚህም ሁሉ በላይ ብዙ ሰዎች ሩቅ ከሄዱ በኋላ በከንቱ እንደ ተመለሱና መሳቂያ እንደ ሆኑ ነገሩት።

ይህ ዝርዝር የመዝሙሩ ቍልፍ ነው። ቡንያን ጥቂት ገጽ ሳይርቅ ባስቀመጠው መዝሙር ውስጥ የሚገኙት አንበሳው፥ ግዙፉ፥ ጭራቁና ርኩሱ ጋኔን ለግጥም ማሳመሪያ የመጡ አይደሉም፤ አራቱም ከወላጆቹ አፍ የወጡ ናቸው። በሁለተኛው አንጓ መጀመሪያ ላይ ሰውን በሚያስፈራ ወሬ ስለሚከቡ ሰዎች የሚናገር ስንኝ አለ፤ ያ ወሬ ማን ያወራው እንደ ሆነ መጽሐፉን ያላነበበ ዘማሪ አያውቅም። ጠላት ያወራው ይመስለዋል። ነገር ግን ያወሩት አባትና እናት ናቸው፤ ያወሩትም ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው፤ የተናገሩትም ሐሰት አይደለም። አንባቢው ከመጀመሪያው ክፍል አንሥቶ አንበሶቹን አይቶአቸዋል፤ ከጋኔኑ ጋራ የተደረገውንም ጦርነት አንብቦአል። እንግዲህ የመዝሙሩ ጽናት የሚፈተነው በሐሰተኛ ወሬ ሳይሆን በእውነተኛ ወሬ ነው፤ በክፉ ሰው ቃልም ሳይሆን በሚወዱት ሰው ልመና ነው። ወህኒ ቤት ተቀምጦ የዐይነ ስውር ልጁን ነገር ሲያስብ ለኖረ ሰው ይህ የፈጠራ ነገር አልነበረም።

የኢትዮጵያ አንባቢ በዚህ ስፍራ ገድለ ገብረ ክርስቶስን ሳያስታውስ አይቀርም። ገብረ ክርስቶስ በሠርጉ ሌሊት ሙሽራይቱንና የአባቱን ቤት ትቶ በስውር ወጣ፤ ወላጆቹም እያለቀሱ ፈለጉት። የቡንያን ጀግና ግን በስውር አይወጣም፤ ቁጭ ብሎ የወላጆቹን ክርክር እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ አንድ በአንድ በልቡ ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ይሄዳል። ሁለቱ ታሪኮች የሚገናኙት በመለየት ሕማም ነው፤ የሚለያዩት ደግሞ በዚህ በመስማት ነው።

ወደ ግጥሙ ሥራ ስንመለስ፥ በእያንዳንዱ አንጓ የመጀመሪያዎቹ አራት ስንኞች ቤታቸውን እያፈራረቁ ይመታሉ፤ ቀጥሎ ሦስት ስንኞች ያለ ዕረፍት በአንድ ቤት ይመታሉ፤ ስምንተኛው ስንኝ ግን ቤት ሳይመታ በመንገደኛነት ቃል ላይ ይወርዳል። ሦስቱ ስንኞች ዳገት እንደሚወጣ ሰው እግር ናቸው፤ ስምንተኛው ሸክም እንደ ማውረድ ነው። ሌላው የቡንያን ጥበብ ይህ ቃል በሦስቱም አንጓ አንድ ሆኖ ሳለ ወደ እርሱ የሚያደርሰው ነገር የተለያየ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው አንጓ መንገደኛ መሆን አስቀድሞ በሰው ፊት የተነገረ አሳብ ነው፤ በሁለተኛው መብት ነው፤ በሦስተኛው ድካም ነው። አንድ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ቢገለብጠው ያማረ ይመስለው ይሆናል፤ ድካሙ በፊት ቢመጣ፥ መብቱም እንደ ዋጋ ሆኖ በመጨረሻ ቢሰጥ የተሻለ ነው ይል ይሆናል። ቡንያን ግን ሕይወትን እንደሚወርስ ካወቀ በኋላ እንኳ ሰውየውን አያሳርፈውም፤ ቀንና ሌሊት ይደክማል ብሎ ይተወዋል። ስለ መብት የተናገረውም ቃል በ1684 ቀላል ቃል አልነበረም፤ በ1664 እና በ1670 የወጡት ሕጎች ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ውጭ ለጸሎት የሚሰበሰቡትን ሰዎች ይቀጡ ነበርና። ቤት መምቻው በየስፍራው የጠራ አይደለም፤ በሁለተኛው አንጓ ሁለት ቃላትን አጋጥሞ ቤት የመታበት አንድ ስፍራ ከመንደር ሰው አፍ የወጣ ይመስላል። ለድስት ጠጋኝ ልጅ ግን ያምርበታል።

መዝሙሩን ማን እንደ ዘመረው መጽሐፉ አይናገርም። ግጥሙ ከጀግናውና ከልበ ሙሉ ንግግር በታች ያለ ዘማሪ ስም ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን አነጋገሩ ስለ ሌላ ሰው ነው፤ «እኔ» የሚል ቃል በሦስቱም አንጓ ውስጥ አይገኝም። የመጀመሪያው ስንኝ እውነተኛ ጀግንነትን ማየት የሚወድ ሰው ካለ ወደዚህ ይምጣ ይላል፤ ቀጥሎም በነፋስና በዝናብ የማይናወጥ አንድ ሰው እዚህ እንዳለ ያሳያል። ይህ የማሳየት ቃል ነው። የሚታየውም ሰው ደም በፊቱ ላይ ያለ፥ ሰይፉ ከእጁ ጋራ የተጣበቀ፥ ሦስት ምርጫ ቀርቦለት አራተኛውን የያዘ ሰው ነው። ስለዚህ መዝሙሩ ከዝማሬ በፊት የተከፈለ ዋጋ አለው።

ቡንያን ይህን ግጥም ለመዝሙርነት አስቦ የጻፈው አይመስልም። በዘመኑ ከነበሩት ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን የተለዩ ማኅበሮች ብዙዎቹ ሰው የደረሰውን መዝሙር በጸሎት ጊዜ መዘመር አይገባም ይሉ ነበር። ግጥሙ ለብዙ ዘመን በመጽሐፍ ውስጥ ሲነበብ ኖሮ በሰፊው ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባው በ1906 በታተመው በእንግሊዝኛ የመዝሙር መጽሐፍ ምክንያት ነው። የመጽሐፉ አዘጋጅ ፐርሲ ዲርመር በለንደን ፕሪምሮዝ ሂል በሚባለው ሰፈር የምትገኘው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበረ፤ የዜማውን ክፍል የያዘው ራልፍ ቮን ዊልያምስ ነው። ዲርመር ጭራቅና ጋኔን የሚጠራ መዝሙር በቤተ ክርስቲያን ለማዘመር አይቻልም ብሎ ስላሰበ ግጥሙን አረመው።

ዕርማቱ ምን ምን እንደ ሆነ በየተራው ማየት ይገባል። በመጀመሪያው አንጓ የማሳየት ቃል ጠፋ፤ በእርሱ ፈንታ ጀግና ሊሆን የሚወድ ሁሉ መምህሩን በጽናት ይከተል የሚል ምክር ገባ። ነፋሱና ዝናቡም ጠፉና ለመከራ ሁሉ የሚሆን አንድ ሰፊ ቃል ተተካ። በሁለተኛው አንጓ አንበሳው ወጣ፤ ግዙፉ ቀረ። በሦስተኛው አንጓ ጭራቁና ርኩሱ ጋኔን ወጥተው ጌታ በመንፈሱ እንደሚጠብቀን የሚናገር የጸሎት ቃል ገባ፤ በዚህም አንጓ «እርሱ» የነበረው መጀመሪያ «እኛ»፥ ቀጥሎ «እኔ» ሆነ።

ለዲርመር መመስከር የሚገባ ነገር አለ። የቡንያን ግጥም ከመጽሐፉ ተቈርጦ ብቻውን ሲቆም የእግዚአብሔር ስም አይገኝበትም፤ ጌታ የሚል ቃል የለበትም፤ የጸጋ ነገርም አልተነሣበትም። ይህን ብቻ የሚያነብ ሰው ስለ አንድ ብርቱ ሰው የተገጠመ ፉከራ ነው ሊል ይችላል። ቡንያን ያንን ቃል ያልጻፈው ከግጥሙ በላይ ባለው ንግግር ውስጥ የጀግናው ድል እምነቱ እንደ ሆነ አስቀድሞ ስለ ተናገረ ነው። ዲርመር ከመጽሐፉ ተቈርጦ የቀረውን ነገር ወደ ግጥሙ ውስጥ መለሰው ማለት ይቻላል። ይህ የካህን ሥራ ነው፤ በመልካም አሳብም የተሠራ ነው። እርሱ ባያርመው ኖሮ ብዙ ማኅበር መዝሙሩን ሳያውቀው ይቀር ነበር።

ሆኖም ሁለት ጕዳት ደርሶአል። ትንሹ ጕዳት የጭራቁ መውጣት ነው። ጭራቅ በየአገሩ ሕፃን የሚያስፈራሩበት ነገር ነው፤ በእኛም አገር እናት የሚያለቅስ ልጅ ዝም እንዲል ጭራቅ መጣ ትላለች። ቡንያን ይህን የሕፃን ፍርሃት ከርኩሱ ጋኔን ጋራ በአንድ ስንኝ ያስቀመጠው ሳያውቅ አይደለም። ከእናት የተሰማ ፍርሃት ሰው ካደገ በኋላም አይለቀውም፤ ትልቁ ሰው ከመንገድ የሚመለሰውም ብዙ ጊዜ በሕፃንነቱ በተማረው ፍርሃት ነው። ዲርመር የሚያስፈራውን ወሬ የሚናገረውን ስንኝ ሳይነካ ትቶታል፤ የወሬውን ዝርዝር ግን ከግዙፉ በቀር አውጥቶታል። ስለዚህ የዛሬው ዘማሪ የሚያስፈራ ወሬ እንዳለ ይሰማል እንጂ ወሬው ምን እንደ ሆነ አይሰማም።

ትልቁ ጕዳት የ«እርሱ» ወደ «እኔ» መለወጥ ነው። የሰው አፍ የሚናገረውን አልፈራም ማለትና እርሱ የሰው አፍ የሚናገረውን አይፈራም ማለት እጅግ የተራራቁ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን እሑድ ጥዋት በአግዳሚ ወንበር አጠገብ የቆመ ሰው ሁሉ ሊለው ይችላል፤ ምንም አያስከፍለውም። ሁለተኛውን የሚል ሰው ግን ወደ አንድ ሰው ይመለከታል፤ ሲመለከትም ራሱን ከዚያ ሰው ጋራ ያስተያያል። ቡንያን ዘማሪውን ጀግና አላደረገውም፤ የጀግናውን ቍስል እንዲያይ ብቻ ጠራው። ደግሞም በመጽሐፉ ፍጻሜ ይህ ሰው ወደ ወንዙ ሲወርድ ሰይፉን ከኋላው ለሚመጣው መንገደኛ ይተዋል፤ ጠባሳውን ግን ምስክር እንዲሆነው ይዞት ይሄዳል። ጠባሳ ለሌላ ሰው የማይሰጥ ነገር ስለ ሆነ «እኔ» ብሎ መዘመር በዚህ ላይ ይወድቃል።

ስለ ዜማው ብዙ መናገር አያሻም። ቮን ዊልያምስ በ1904 በሰሴክስ አውራጃ መንክስ ጌት በምትባል መንደር ከወይዘሮ ቬራል አፍ የሰማውን የባላገር ዘፈን አስተካክሎ ለዚህ መዝሙር አዋለው፤ የዜማውም ስም የመንደሪቱ ስም ሆነ። ዘፈኑ ወደ ጦርነት የሚሄድ ሰውና ትቶአት የሚሄድ የምትወደው ሴት የሚለያዩበት ነው። ዲርመር ከግጥሙ ያወጣው የመለየት ሕማም በዜማው በኩል ተመልሶ መግባቱ የሚያስደንቅ ነው፤ ዜማው ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ የድል ድምፅ ብቻ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ቃሎች በታላላቅ ስፍራ ተዘምረዋል። በ1965 በለንደን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል በተደረገው በዊንስተን ቸርችል ቀብር ሥነ ሥርዐት የቡንያን ቃል ተዘመረ፤ በ2013 በዚሁ ካቴድራል በማርጋሬት ታቸር ቀብር የዲርመር ቃል ተዘመረ። መንግሥት 12 ዓመት ያሰረው ሰው የጻፈው ግጥም በመንግሥት ሹማምንት ፊት፥ በወታደር ሰልፍ መካከል መዘመሩ ታሪክ አልፎ አልፎ የሚያደርገው ቀልድ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ክርክር የሩቅ አገር ክርክር ብቻ አይደለም። የቡንያን መጽሐፍ ቀድሞ ወደ አማርኛ ከተመለሱት የአውሮፓ መጻሕፍት አንዱ ነው፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1915 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር ያሳተሙት «ወዳጄ ልቤ» የእርሱን ፈለግ የተከተለ እንደ ሆነ የሥነ ጽሑፍ መርማሪዎች ይናገራሉ። መዝሙሩን በአማርኛ ግጥም ለመመለስ የሚነሣ ባለቅኔ በመጀመሪያ የሚያስቸግረው የመዝጊያው ቃል ነው። «ተሳላሚ» ቢል፥ ተሳላሚ ግሸን ወይም ላሊበላ ደርሶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ነው፤ የቡንያን ሰው ግን አይመለስም። «መናኝ» ቢል፥ መለየቱን ይነግራል፤ ዳሩ ግን መናኝ በዱር ተሰውሮ የሚኖር እንጂ ከሴቶችና ከሕፃናት ጋራ በአደባባይ መንገድ የሚጓዝ አይደለም። «መንገደኛ» ከሁሉ የቀለለ ቃል ነው፤ ለነጋዴውም ለተላላኪውም ይሆናል፤ ቢሆንም ቡንያን የገበያ ቃል የሚወድ ደራሲ ነበረና ይህ ቅለት ጕድለት አይሆንም።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ የከበደ ነው። በእንግሊዝኛ «እርሱ» እና «እኔ» ከግሡ ውጭ የሚቆሙ ትንንሽ ቃላት ናቸው፤ ዲርመርም አንዱን አንሥቶ ሌላውን ሲያስቀምጥ ግሡ እንዳለ ቀርቶአል፤ ለውጡም በጆሮ ብዙ አይሰማም። በአማርኛ ግን ሰውየው በግሡ ውስጥ አለ፤ ይጸናል ወይም እጸናለሁ፥ አይፈራም ወይም አልፈራም፥ ይደክማል ወይም እደክማለሁ ሳይሉ አንድ ስንኝ መጻፍ አይቻልም። የአማርኛ ተርጓሚ የቡንያንን ወይም የዲርመርን መዝሙር በእያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ ላይ ዳግመኛ መምረጥ አለበት።